መቅዲ ማርቆስ አትሄድም

ለወንድሜ ለአስማማው፣ ጁባ

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ያ የወገብህ ነገር እንዴት ሆነ? የጁባ ሙቀትስ አሁንም ፍራሽህን በረንዳ ላይ ያስነጥፍሃል ወይስ ዝናቡ ደረሰላችሁ? ባለቤትህ አይናለም ከወባው አገግማ ተነሣች ወይ? ትንሹ ልጃችሁ ምስጋናው ጥርስ አወጣ ብለህ ነበርና መቼም ያገኘውን ሁሉ ሳይነክስ አይውልም። እኛ ተመስገን ነው። እማዬም ጉልበቷን ካልሆነ በቀር ሌላ የሚያማት የለም፤ እሱንም ቢሆን ፋሲካ ሰሞን ረስታው ከርማለች። ቦራዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፤ ደስ ይበልህ።

ጤናህን ጠይቄ ጨርሻለሁና አሁን ወደ ጠባችን ልግባ።

ደብዳቤህን ሹፌሩ ዘመነ በሰላም አድርሶልናል። ሸቀጡን ይጁቤ አራግፎ፣ አረፍ እንኳ ሳይል በቀጥታ እኛ ቤት ነው የመጣው። ልጅህን የአገር መሳቂያ እንዳደረግኳት፣ የወተት ጥርሳቸው ካልወለቀ ሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ እንዳስቀመጥኳት ጽፈሃል። ክረምት ሳይገባ መጥተህ ማርቆስ ወስደህ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት እንደምታስገባት፣ ለማረፊያዋም ከአክስታችን ጋር ጨርሰህ እንዳበቃህ ነግረኸኛል። እኔንም ይህን የሕፃን ጨዋታ ትቼ አለቆቼን እንድሰማ፣ ካልሆነም ጁባ መጥቼ ሱቅህን እንድይዝልህ መክረኸኛል። ስልክ ደውዬ ልመልስልህ አስቤ ነበር። ግን ታውቀዋለህ፤ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ይቋረጣል። ወረቀት ስለማይቋረጥ ዛሬ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ከዚያ ከነንዴትህ ምክንያቱን ታነባለህ። መቅዲን ከተቀመጠችበት አላነሣም። ማርቆስም አትሄድም። አባቷ አንተ ነህ፤ ማንም አይነጥቅህም። ልጅቷ ምን እንደምታውቅና ምን እንደማታውቅ ግን ካንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። መንገዱ ሁሉ ጭር ባለበት ጊዜ ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ መክረሙን ታስታውሳለህ። ተከፍቶ ልጆቹ ሲመለሱ በዕድሜያቸው ተመዘገቡ። አራተኛ ክፍል መሆን የነበረበት አራተኛ ገባ፤ በመካከል የትኛውን ክፍል ተማርክ ብሎ የጠየቀው የለም። ዓመት እንዳይባክንባቸው ታስቦ ነው አሉ። መቅዲም እንዲሁ አራተኛ ሆነችና እኔ አማርኛ የማስተምርበት ክፍል መጣች፤ ስለዚህ በቤትም በትምህርት ቤትም ከዓይኔ ሥር አልወጣችም።

መቅዲ ደግሞ ጎበዝ ነበረች። ስቀልድብህ አይደለም። መጽሐፋችን ውስጥ ስለ ንብ የሚያወራ ምንባብ አለ፤ እሱን ስታነብ አንድም ቦታ አትደናቀፍም። እማዬ ራት እስኪቀርብ እያስነበበቻት፣ ይህቺ ልጅ የአባቷን አንደበት ወስዳለች እያለች ትመርቃት ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተነሥተሽ አንብቢ አልኳት። መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው፤ ያ ገጽ ደግሞ ከወገቡ በታች ተቀዷል። ማን እንደ ቀደደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። መቅዲ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች፣ ድምጿን ሞልታ ታነባለች። ጣቷ የተቀደደው ጋ ደረሰ። ከወረቀቱ ወርዶ ዴስኩ ላይ መሄዱን ቀጠለ፤ እሷም ማንበቧን ቀጠለች። የሌለውን ግማሽ ገጽ አንዲት ቃል ሳትጥል ከባዶ እንጨት ላይ አነበበችልኝ። ክፍሉ አጨበጨበላት። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ገባህ አይደል? ልጅህ አታነብም ነበር። ትሰማ ነበር፤ የሰማችውን ትይዝ ነበር። የኛ አገር ልጅ ጆሮው አያድርስ ነው። ዳዊት ሲደገም፣ ቅዳሴ ሲቀደስ ሰምቶ ያደገ ስለሆነ ሁለቴ የሰማው ነገር ከአእምሮው አይወጣም። እኛ አስተማሪዎች አንዴ እናነባለን፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይቀበሉናል፤ በሳምንቱ ገጹ በሙሉ በቃላቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁን አንብብ እንለዋለን፤ ያወርደዋል፤ እንግዳው ይደሰታል፤ ሪፖርት ይጻፋል። ሰነፎች ቢሆኑ ኖሮ ቶሎ በነቃን ነበር። ጎበዞች ስለሆኑ ነው የተሞኘነው።

በማግስቱ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። የመምህር ገዳሙ ፍየል ትናንት የርእሰ መምህሩን ጎመን በላች ይላል። ቢያነቡት ኖሮ ክፍሉ በሳቅ በፈረሰ ነበር። ዝም አለ። ኋላ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ እሷና ሌሎች በጣት የሚቆጠሩ ልጆች ናቸው የገባቸው። ሌላው ሁሉ ፍየሏ ዓይኑ ሥር ጎመኑን ስትጨርስ አላያትም። ገዳሙ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነው፤ ከደብረ ኤልያስ ተመድቦ የመጣ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው። ፍየሏን ይዤ ወደ እሱ ክፍል ሄድኩ። እዚያም የሳቀ የለም።

ከዚያ ሁለታችን ተመካከርን። ጠዋት ጠዋት እስከ ረፍት ድረስ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ያሉትን ልጆች ቀላቅለን፣ ዕድሜም ክፍልም ሳንጠይቅ፣ በሚያውቁት ልክ ደለደልናቸው። ፊደል ያልለየው ከፊደል ይጀምራል። ፊደል ለይቶ ቃል ያቃተው ከቃል፣ ቃል ይዞ ዓረፍተ ነገር የሚያደናቅፈው ከዓረፍተ ነገር። ከረፍት በኋላ ሁሉም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የምናስነብባቸውም ማንም በቃሉ ያልያዘውን ነው፤ ከየቤታቸው የሳሙና መጠቅለያ፣ የጨው ከረጢት፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ከገበያ የወደቀ የሎተሪ ማስታወቂያ ሳይቀር ለቅመው ያመጣሉ። የቻለ ወደሚቀጥለው ምድብ ይሻገራል። መቻሉ የሚታወቀውም ለብቻው ቀርቦ ለእኔ ወይም ለገዳሙ ሲያነብ ነው። በኅብረት መጮህ አይቆጠርም።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። አንተ ራስህ አልፈህበታል። የኔታ ገብረ ሚካኤል ዘንድ ስትገባ ጢምህ ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር፤ ፊደል የቆጠርከው ግን ከጎረቤት ሕፃን ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ነው። ማን ሳቀብህ? እዚያ ቤት ስንተኛ ክፍል ነህ አይባልም፤ የት ደረስክ ነው የሚባለው። ፊደል ሳይለዩ አቡጊዳ፣ አቡጊዳ ሳይጨርሱ መልእክተ ዮሐንስ የሚባል ነገር የለም። የቀደመው ተማሪ ኋለኛውን ፊደል በፊደል እያስከተለ ያስቀጽላል፤ የኔታ ደግሞ እያንዳንዱን ለየብቻ ይሰሙታል። ኩርኩሙንና አለንጋውን እዚያው ትቼ ሌላውን ነው የወሰድኩት። አንተ ያኔ ያላፈርክበትን ዛሬ በልጅህ ስታፍርበት ይገርመኛል።

መቅዲ የደረሳት ምድብ ፊደል ያልለዩት ጋ ነው። ፊደሉን ከሀ ጀምራ እንደ ዜማ ታወርደዋለች፤ ከመካከል አንዱን ነጥለህ ብታሳያት ግን ከሀ ተነሥታ ካልመጣች አታገኘውም። አልደብቅህም፣ ከባድ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ትንንሾቹ ስሟን ትተው አራተኛ ክፍል እያሉ ይጠሯት ነበር። ቤት ስትገባ እህል አልቀምስም አለች። እማዬ እኔን አኮረፈችኝ፤ ልጅቷ አባት የሌላት አስመሰልሻት አለችኝ። ከዚያ አንተ ጋ ተደወለ። እሷ በስልኩ አለቀሰች፣ አንተ ነደድክ። እኔ ግን አላስነሣኋትም።

ስታለቅስ ማየት የሚያስደስተኝ ይመስልሃል? ግን ያኔ አብሬያት አልቅሼ ባነሣት ኋላ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ወረቀት ፊት ብቻዋን ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ያን ቀን እኔም አንተም አጠገቧ አንሆንም። ስለዚህ እኔ እያለሁ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ትንንሾቹ መካከል ታልቅስ ብዬ ቆረጥኩ። ዛሬም ያንኑ ነው የምለው።

አለቆችሽን ስሚ ብለሃል። ሰምቻቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ተማሪን ማዕከል ያደረገ የማስተማር ዘዴ የሚባል ስልጠና ተጠርተን አንድ ሳምንት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠናል። አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያነብልናል፤ እኛ ተደርድረን እንገለብጣለን። ተማሪውን ጠይቁት፣ አሳትፉት፣ ዝም ብሎ እንዲሰማ አታድርጉት የሚለውን ሁሉ ዝም ብለን ሰማን። እኛን የጠየቀን አልነበረም። ምሳው ጥሩ ነበር። በመጨረሻ የምስክር ወረቀት ይዘን ፎቶ ተነሣን፤ ወደ ክፍላችንም ሄደን የድሮውን ቀጠልን።

እኔን የለወጠኝ ሌላ ነው። ገዳሙ አንድ ቀን ክፍሌ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለና፣ ጥያቄ ስትጠይቂ የምትጠሪው እጁን ያወጣውን ብቻ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያሉት ልጆች ዛሬ ስማቸውን ከአፍሽ አልሰሙም አለኝ። ተናደድኩ። በሳምንቱ እኔ እሱ ክፍል ተቀመጥኩና፣ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ጀርባህን ሰጥተህ የምታወራው ከግድግዳው ጋር ነው አልኩት። እሱም ተናደደ። ሁለታችንም ተቀያይመን ሰነበትን፤ ሁለታችንም ግን አስተካከልን። ይኸው እስከ ዛሬ ኋላ ወንበር እየተቀመጥን እንተራረማለን። አበል የለው፣ አዳራሽ የለው። ስልጠና ማለት ለእኔ ይህ ሆኗል።

ርእሰ መምህራችን አቶ እንዳላማው ክፉ ሰው አይደሉም። ከላይ የሚመጣባቸው ጥያቄ መጽሐፉ ስንተኛ ምዕራፍ ደረሰ የሚል ነው፤ ስንት ልጅ ማንበብ ቻለ ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኔና ገዳሙ ጠዋቱን ስለምንወስደው ምዕራፉ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እውነት ነው። ስለዚህ ቢሯቸው ጠርተው፣ ልጆቹን ወደየክፍላቸው ካልመለስሽ ከማስተማር አንሥቼ መጋዘን ላይ እመድብሻለሁ አሉኝ። ወላጅ ያሳፍራታል ብለው የወላጅ ስብሰባም ጠሩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ሞላ። መጀመሪያ እንዳሰቡትም ሆነ። አንዱ አባት ተነሥተው፣ ልጄ አራተኛ ነው ብዬ ለአገር አውርቻለሁ፤ አሁን ከሁለተኛ ክፍል ልጅ ጋር ፊደል ሲቆጥር ማን ብዬ ልጥራው አሉ። ሌላውም ሌላውም ያንኑ ደገመ። ያቀረቀርኩ መስሎህ እንደሆነ አላቀረቀርኩም፤ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነበር የማዳምጠው። በመጨረሻ ወለተ ሰንበት ተነሣች። ታውቃታለህ፣ ከወንዙ ማዶ ብቻዋን የምታርስ፣ ባሏ የሞተባት። ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊት መጣች።

ያለችውን በቃሏ ልንገርህ። እናንተ ትምህርት በነፃ ነው ትላላችሁ፣ እኔ ግን ከፍዬበታለሁ አለች። ልጄን ለናንተ ስሰጥ አጫጄን፣ ውኃ ቀጂዬን፣ ጥጃ ጠባቂዬን ነው የሰጠሁት። ሰው ልጁን አሰልፎ ሲያጭድ እኔ ብቻዬን አጭዳለሁ፤ አምና ሳልደርስበት ጤፌን ዝናብ አረገፈው። ይህን ሁሉ የከፈልኩት ልጄ አራተኛ ክፍል ናት እንድትሉኝ አይደለም። ስንተኛ ክፍል ናት አትበሉኝ፤ ምን ታውቃለች በሉኝ። ባለፈው ሳምንት የከብት ሐኪሙ የጻፈውን አንብባ መድኃኒቱ ለጥጃ እንጂ ለበሬ አይደለም ብላ አስቁማኛለች። እኔ ለዚህ ነው የላክኋት አለች። ከዚያ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

እኔ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ትምህርት ዋጋና ጥቅም ስንት ነገር ሸምድጃለሁ፤ እንደሷ አድርጎ የነገረኝ የለም። ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ ስብሰባውም ሳይወስን ተበተነ። አቶ እንዳላማው እስከ ግንቦት ልደታ አስቢበት አሉኝ። የሚታሰብ ነገር የለም አልኳቸው። መጋዘን ካስገቡኝ መጋዘኑ ውስጥ አስተምራለሁ፤ እዚያ ያለው የተሰበረ ዴስክና ካርቶን ነው፣ ካርቶኑ ላይ ደግሞ ጽሑፍ አይጠፋም። እሳቸውም ሳቃቸው መጥቶባቸው ፊታቸውን አዞሩ። ቢያዞሩም ያሉትን ያደርጉታል ብዬ እጠብቃለሁ። ያድርጉት። ስለዚህ ጁባ መጥቼ ሱቅ እንድይዝልህ አትጠብቀኝ፤ ሥራ አለኝ።

አሁን ደግሞ ወደ ቆርቆሮህ ልምጣ። ጁባ ያላችሁ የአገራችን ልጆች በማኅበር ያሠራችሁልን ሁለት ክፍሎች ዝናብ ከልለውልናል፤ እድሜ ይስጣችሁ። ቀጥሎ ስማችሁ የተጻፈበት የብረት በር ልታስተክሉልን እንደሆነ ሰማሁ። ወንድሜ፣ አንተ ነጋዴ ነህ። አንዲት ከረጢት ሲሚንቶ ሳትመዝን አትረከብም። ትምህርት ላይ ስትደርስ ሚዛኑን የት ነው የምትጥለው? ክፍሉ ተሠራ፣ ዴስኩ መጣ፣ ዩኒፎርሙ ተሰፋ፣ ልጁ ተመዘገበ፤ ሁሉም ተቆጥሯል። ልጁ ምን እንደ ያዘ ግን ማንም አልመዘነም። ቆርቆሮ ልጅ ሲያነብ አይሰማም። የብረት በርም ስሕተት አያርምም።

እዚህ ቀበሌ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያልቀናቸው ሴቶች ልጆች ቤታቸው ተቀምጠዋል። ማንበብ ይችላሉ፣ ጠዋታቸውም ባዶ ነው። እነሱ መጥተው እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ እያዳመጡ ቢያስነብቡልን፣ ማኅበራችሁም ለድካማቸው የሚገባውን ቢያስብላቸው፣ በሩን ከምታስተክሉበት በርካሽ ይወጣል፤ ፍሬውንም በዓመቱ ታያላችሁ። ስማችሁ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። ይህን ለማኅበሩ ንገርልኝ። ብትፈራ ደብዳቤዬን አንብብላቸው፤ እኔ አልፈራም።

ስለ ማርቆሱ ትምህርት ቤትም ሰምቻለሁ። ክራቫቱ ያምራል፤ ልጆቹም እንግዳ ሲገባ ተነሥተው በእንግሊዝኛ በአንድ ድምፅ ሰላምታ ይሰጣሉ። የግል ሁሉ እንዲህ ነው አልልም፤ የሚያስተምርም አለ። ግን አፏን በፈታችበት ቋንቋ ማንበብን ገና እየለመደች ያለች ልጅ በማታውቀው ቋንቋ ብትጀምር ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ያ የተባረከ ጆሮዋ ይረዳትና ሁሉንም በቃሏ ይዛ ታወርድልሃለች። በዓመቱ መጨረሻ ጋውን አልብሰው ያስመርቋታል፣ ፎቶውን ጁባ ግድግዳህ ላይ ትሰቅላለህ። ልጅህም እንደገና ከባዶ እንጨት ላይ ታነባለች። ይህን እያወቅኩ ዝም ብል አክስቷ አልባል።

የማታውቀውን አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ዘመነ ደብዳቤህን ሲያመጣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እማዬ መጠበቅ እንደማትችል ታውቃለህ፤ ክፈቺና አንብቢልኝ ብላ ለመቅዲ ሰጠቻት። እኔ ስመለስ ደጃፉ ላይ ድምፅ ሰምቼ ቆምኩ። መቅዲ ናት። እንደ ድሮው አይወርድላትም፤ ዝግ ብላ ነው የምታነበው። ትቆማለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ የሳተችውን ራሷ ታርማለች። የአገር መሳቂያ ያልከው ጋ ስትደርስ ተደናቀፈች፤ እንደገና ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥታ አስተካክላ አነበበችው። የእኔ ልጅ ደደብ ተብላ ያልከውንም አነበበችው። አንድ መስመር አልዘለለችም። እማዬ አንገቷን ደፍታለች። ገብቼ ልቀማት አሰብኩ፤ ግን ራሷ ትጨርሰው ብዬ ተውኩት።

ስትጨርስ ወረቀቱን አጣጥፋ ለእማዬ ሰጠቻትና፣ አባዬ ፊደሉን ያጣብቀዋል፣ ትንሽ አራርቆ ቢጽፍ ጥሩ ነው አለች። ጥጃዋን ልትመልስ ወጣች። ወንድም ጋሼ፣ እኔ በዚያች ሰዓት ባንተ አፈርኩ፣ በልጅህ ደግሞ ኮራሁ። ያንን ደብዳቤ ማንም አላስጠናትም፤ ቀድሞ ያነበበላትም አልነበረም።

ሁሉም ነገር ተፈጸመ ብዬ አልዋሽህም። አሁን ያለችው ዓረፍተ ነገር ከሚያነቡት ምድብ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ ላይ ትደክማለች፣ ሒሳብ ላይም ገና ብዙ ይቀራታል። ስለዚህ ና። ክረምት ሳይገባ እንዳልከው ና። ስንተኛ ክፍል ነሽ ብለህ ግን አትጠይቃት። ከኪስህ ያገኘኸውን ማንም ያላየውን ወረቀት አውጥተህ ስጣትና ቁጭ ብለህ ስማት። ካላነበበች ሻንጣዋን እኔው ተሸክሜ ማርቆስ መናኸሪያ አደርስልሃለሁ። ካነበበች ግን የማርቆስን ነገር ዳግመኛ አታነሣብኝም፤ አቶ እንዳላማው ፊትም አብረኸኝ ትቆማለህ።

ለአይናለም ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ወባ ከለቀቃት በኋላ ለሥራ እንዳትቸኩል፣ ምግብም እንድትወስድ። ትንሹን ምስጋናውን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ቢነክስህ ከእኔ ነው በል። ለማኅበራችሁ ልጆች በሙሉ የአገር ልጅ ሰላምታ አድርስልኝ፤ የበሩን ነገር ግን አስረግጠህ ንገራቸው። እማዬ ወገብህን በሙቅ ውኃ ታጠብ፣ ከባድ ዕቃ አታንሣ ብላሃለች፤ ስለ ደብዳቤህም የምትለው ነበራት፣ ስትመጣ በአፏ ትነግርሃለች። ገዳሙ ሰላም ብሎሃል። ወለተ ሰንበትም ያ የአስማማው ወገብ እንዴት ሆነ እያለች ሁልጊዜ ትጠይቃለች።

የመቅዲን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም። እስከ ዛሬ ልጅህ መቅዲም ሰላም ብላሃለች እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ የእኔ ቃል ነበር። አሁን እርሳሷን ይዛ አጠገቤ ቆማለች፤ ወረቀቱን እስክለቅላት እየተቁነጠነጠች ነው። ብትሳሳትም አላርምላትም፤ አንተም እንዳታርማት። ጀርባውን ገልብጠህ ራስህ አንብበው።

እኅትህ የኔአለም

ከይጁቤ ወጣ ብሎ፣ ምሥራቅ ጎጃም
ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.